የአያ አዛናው ምስክርነት

አያ አዛናው ማረፋቸውን የሰማሁት ሱቄ ውስጥ ቆሜ የአንድ ደንበኛ ስልክ መስታወት ላይ ፕላስቲክ ስለጥፍ ነው። የደወለልኝ የአምባ ጊዮርጊሱ ሲሳይ ነበር፤ ከእኔ ስልክ በጅምላ እየወሰደ እዚያ የሚቸረችር ነጋዴ ነው። «አያ አዛናው ትናንት አረፉ። የታመሙት ሁለት ቀን ብቻ ነው» አለኝ። «ነፍስ ይማር» አልኩና ዘጋሁት። ፕላስቲኩን አንዲት የአየር ነጥብ ሳላስቀር ለጥፌ ጨረስኩ። ደንበኛው አመስግኖኝ ሄደ።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። ከእንግዲህ አይደውሉልኝም፣ መንገድ ላይም ድንገት አላገኛቸውም ብዬ ነው ያሰብኩት። ሐዘኑ የመጣው ሱቁን ዘግቼ ወደ ቤት ስሄድ ነው፤ እሱም ቢሆን ከእፍረት ጋር ተደባልቆ ነው የመጣው። የቱ የቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

እኔ ጎንደር ውስጥ አራዳ አጠገብ ስልክ እሸጣለሁ። ከመሸጡ ጎን ለጎን አዲስ የመጣ ስልክ እየፈተሽኩ ቪዲዮ እሠራለሁ። ካሜራው እንዴት ነው፣ ባትሪው ምን ያህል ይቆያል፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ ይሆናል ወይስ አይሆንም፣ እያልኩ አወራለሁ፤ ብዙ ሰውም ይሰማኛል። ይህ ሥራ ምላስ ይፈልጋል። ምላስ ደግሞ እግዜር አልነፈገኝም። አፈ ቅቤ ሆደ ጩቤ የሚባለው ለሌላ ሰው ነው እያልኩ ስኖር ቆይቻለሁ።

አያ አዛናውን ያወቅኳቸው ባለ ቁልፍ ቀፎ ሊገዙ ሱቄ የገቡ ዕለት ነው። የወገራ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከአምባ ጊዮርጊስ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ገብስና ባቄላ ያርሳሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከስድሳ ያለፉ፣ ሲያዩህ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ቀፎውን አንስተው መዘኑት፣ አሸተቱት፣ ከጆሯቸው አጠገብ አድርገው ነቀነቁት።

«ሲወድቅ በየት በኩል ነው የሚወድቅ?» አሉኝ።

«እንዴት ማለት አያ?»

«ድመት በእግሯ ትወድቃለች። ይኼስ?»

«ኧረ እሱን ማን ያውቃል?»

«እንዲያ ከሆነ ሳታውቀው ነዋ የምትሸጠው» አሉና ቀፎውን አስቀምጠው ወጡ።

የሄዱ መስሎኝ ነበር። ለካ በሩ ላይ ቆመዋል። ለጥገና የሚመጣውን ሰው አንድ በአንድ ያስቆማሉ፤ «ምኑን ታመመብህ? እንዴት ሆኖ? ከገዛኸው ምን ያህል ቆየ?» ይላሉ። ሰው ደግሞ የሐኪም ያህል አክብሮ ይመልስላቸዋል። ከምሳ በፊት ተመልሰው ገቡና ከመጀመሪያው የተለየ ቀፎ መረጡ። «ከገበያ የሚሸጠውን አትጠይቅ፤ የተመለሰውን ጠይቅ» አሉኝ። ከመረጡት ቀፎ ዓይነት ለጥገና የመጣልኝ እጅግ ጥቂት እንደሆነ የገባኝ እሳቸው ከሄዱ በኋላ መዝገቤን ሳይ ነው። በገዛ ሱቄ ከእኔ ይልቅ እሳቸው አወቁ።

ከዚያ ወዲያ ጎንደር በመጡ ቁጥር ጎራ ይሉ ጀመር። ማን እንደሆኑ የነገረኝ ሲሳይ ነው። በወገራ በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው እሳቸውን ይዞ ነው ገበያ የሚወጣው። ሌላው ቀንድና ሻኛ ሲያይ እሳቸው ከብቱ እስኪጠማው ይጠብቃሉ፤ ሲጠጣ ያዩታል፤ ከዚያ ዳገት ያስወጡታል። አንድ ጊዜ ለጎረቤታቸው በሬ ሲያዩ ውለው «ሲሄድ ሸጋ ነው፣ ሲጠጣም ሸጋ ነው፤ ሲያርስ ግን አላየሁትም» አሉ አሉ። ባለ በሬው ተናዶ «በሬ ካላረሰ ምን ሊሠራ ነው ታዲያ?» ቢላቸው «እኔም እሱን ነው የምልህ» ብለው ቁጭ። ሻጩ በሬውን አንድ ጧት ጠምዶ እስኪያሳያቸው ድረስ ከተቀመጡበት አልተነሡም።

አንድ አባባል ነበራቸው። አዲስ ነገር ሁሉ ሲቀርብላቸው «ሸጋ ነው። ይክረም» ይላሉ። አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ሲያዩ፣ ይክረም። የተሾመ ሊቀ መንበር ሲነገራቸው፣ ይክረም። የጎረቤት ሙሽራ እንዴት ናት ሲባሉ፣ ሸጋ ናት፣ ትክረም። ክረምት ያላለፈበት ነገር በሳቸው ዘንድ ምስጋናም ነቀፋም የለውም። አንድ ቀን ለጨዋታ «እኔስ አያ፣ እንዴት ነኝ?» ብላቸው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩኝና «አንተማ ገና መስከረም ነህ፤ አበባ ብቻ» አሉኝ። ስቀን ተለያየን።

ከበሬው የሚበልጠው ሥራቸው ግን የድንበር ነበር። በዚያ አካባቢ ሁለት ሰዎች በማሳ ወሰን ሲጣሉና ነገሩ ሲከር፣ ሁለቱም የሚያምኑትን አንድ ሰው ይመርጣሉ። የተመረጠው ሰው ይምላል፤ ከዚያ የሚያውቀውን ወሰን በእግሩ ይሄዳል። ሁለቱ ወገኖች ዝም ብለው ከኋላው ይከተላሉ፤ በሄደበት ድንጋይ ይተከላል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ያ ሰው ለብዙ ዓመታት አያ አዛናው ነበሩ። ሹመት አይደለም፣ ደመወዝም የለውም። ሰው ከፊቱ ቀድመህ ሂድ ይልሃል፣ በቃ። ያለው ክብር ይኸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከዚህ ሌላ ክብር ሲፈልጉ አላየሁም።

ስልኩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ስሙን መጥራት ጥፋቱን ወደሱ ማዞር ይሆንብኛል። ወፍራም ነው፤ ማዕዘኑ በጎማ የተለበጠ፣ ጎንና ጎኑ በብሎን የታሰረ፣ ጡብ የሚያክል ስማርት ስልክ። ካርቶኑ ላይ ውሃ እንደማይገባው፣ ወድቆም እንደማይሰበር ተጽፏል። አስመጪው ከአዲስ አበባ ደውሎ «ይኼ የገበሬ ስልክ ነው። ገበሬ ደግሞ አንተን አያምንም፤ የራሱን ሰው ነው የሚያምነው። ክረምት ሳይገባ ቪዲዮ ሥራልኝ፤ ጥሩ ከሄደ የአካባቢው ወኪል ትሆናለህ» አለኝ። የራሱን ሰው ሲል ማን ትዝ እንዳለኝ መናገር አያስፈልግም።

አያ አዛናው መጀመሪያ እምቢ አሉ። «እኔ ስልክ አላውቅም፣ ልጄ።»

«በሬስ መቼ ሆነው ያውቃሉ አያ?»

ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። «እንዲያ ከሆነ ያየሁትን ሁሉ እናገራለሁ። አንተም ያልኩትን ሁሉ ታሰማለህ» አሉ።

«እርስዎ ይሙቱ፣ አንዲት ቃል አላስቀርም» አልኩ። በሳቸው ነበር የማልኩት።

ስልኩን ለአንድ ወር ያህል ሰጠኋቸው። እኔ ሱቅ ውስጥ ስፈትሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ ከትቼ፣ ሰዓት ይዤ፣ አውጥቼ «ይኸው!» ማለት ነው ሥራዬ። እሳቸው ግን ኖሩበት። በግንቦት መጨረሻ ቪዲዮውን ልቀርጽ ቤታቸው ስሄድ ከግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ፤ ባለቤታቸው እትዬ አንጓች ከአጠገባቸው ቆመዋል። ማስታወሻ አልያዙም፤ ሁሉንም በጭንቅላታቸው በተራ ደርድረውታል።

«ከበቅሎ ላይ ወድቋል፤ በቅሎዋም ረግጣዋለች» አሉ። «እሱ ደኅና ነው። ያነከሰችው እሷ ናት።»

«ሌላስ አያ?»

«መብራቱ ሸጋ ነው። የጠፋች ጥጃ አግኝቼበታለሁ። ብርድ ግን ይፈራል። ማታ ሙሉ የነበረ ጧት ግማሽ ሆኖ ይገኛል። ብብቴ ውስጥ ሳሳድረው ነው የማይጎድል።»

«አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ አላቀፈኝም» አሉ እትዬ አንጓች።

«አንቺ ብርድ አትፈሪም» አሉ አያ አዛናው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። «ደግሞ ጣቴን አያውቀኝም። እነካዋለሁ፣ ዝም። አፈር የበላው ጣት አያውቅም። የሷን ጣት ነው የሚያውቅ፤ ሰው ሲደውል እሷን እየጠራሁ ነው የምከፍተው።» እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። የጣታቸው ጫፍ ተሰነጣጥቆ እንደ ደረቀ ጭቃ ሆኗል። እኔ ስልኩን ስፈትሽ የማን ጣት ይዤ እንደፈተሽኩት ያን ጊዜ ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ወደ ውሃው መጡ። ምንጭ ውስጥ ጥለውት በሰላም ወጥቷል። እርሻ ከዋሉ በኋላ ግን ማታ እንስራ ውስጥ ቢያሳድሩት ጧት የካሜራው ዓይን በጉም ተሸፍኖ አገኙት። ለምን እንደሆነ የደረሱበት እትዬ አንጓች ናቸው። ቻርጀር በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ያለው የጎማ መክደኛ ሥር ለዓይን የማትታይ የአፈር ቅንጣት ገብታ መክደኛው ሳይገጥም ቀርቷል። በመርፌ ጠረጉት፤ እንደገና ውሃ ውስጥ አሳደሩት፤ ምንም አልሆነም። አያ አዛናው በዚህ ያበቁ መስሏችሁ ከሆነ አታውቋቸውም። አፈሩን ሆን ብለው መልሰው አስገብተው ሞከሩት፤ ጉሙ መጣ። ጠረጉት፤ ጉሙ ቀረ።

«ሦስት ጊዜ ነው የደጋገምኩት» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ድንገት ነው፣ ሁለት ጊዜ ጥርጣሬ ነው፣ ሦስት ጊዜ ሲሆን ነው ነገር የሚባል።»

በዚህ ሁሉ ዓመት ስልክ ስፈትሽ እንዲህ ያለ ፈተና ሠርቼ አላውቅም። ወደፊትም የምሠራ አይመስለኝም።

ካሜራዬን አቆምኩና ምስክርነታቸውን እንዲሰጡ ለመንኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ቃል በቃል እንዲህ አሉ፤ ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። «ይኼ ስልክ ሸጋ ነው። ወድቆ አልተሰበረም። በቅሎ ረግጣው አልተሰበረም። ምንጭ ገብቶ ወጥቷል። ለከተማ ሰው እመሰክርለታለሁ። አፈር ለሚነካ ሰው ግን መክደኛው አፈር ከያዘ ውሃ ይገባዋል፤ በየቀኑ በመርፌ ካልጠረጉት አይገጥምም። ለኛ ለገበሬዎቹ ክረምት ሳያልፍበት አልመሰክርም። የቸኮለ አይግዛ።»

ቪዲዮውን ለአስመጪው ላክሁት። «ሰውዬው ግሩም ነው። መጨረሻውን ቁረጠው» አለኝ። ቆረጥኩት።

እዚህ ላይ ብቻ ባበቃ ኖሮ ጥፋቱን ለሁለት እንካፈለው ነበር። ነገር ግን መጨረሻው ቢቆረጥም «ለከተማ ሰው» የምትለው ቀርታለች። እሷን ቁረጥ ያለኝ የለም። ቁጭ ብዬ ሳየው ዓይኔን ወጋችኝ፤ ገበሬ ሰምቶ «ለኔ አይደለም» እንዳይል ፈራሁ። እሷንም አወጣኋት። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀም። አያ አዛናው በስልኬ ላይ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ምንጭ ገብቶ ወጥቷል። እመሰክርለታለሁ» አሉ። ያማረ ሆነ። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ቪዲዮው ከሠራኋቸው ሁሉ በላይ ታየ። ሲሳይ ደውሎ «ገበሬው ስሙን እንኳ አይጠራውም፤ የአያ አዛናውን ስልክ ስጠኝ ነው የሚል» አለኝ። ወኪልነቱንም አገኘሁ።

ሰኔ ሲጋመስ ሰው ቪዲዮውን አሳይቷቸው ኖሮ አያ አዛናው ደወሉ። ድምፃቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ልጄ፣ የተናገርኩት ግማሹ የለም» አሉ።

«አጥሮ ነው የወጣው አያ። ሙሉውን አወጣዋለሁ።»

«ቸኩለህ ይሆናል። ዝናቡ ሳይጠና ጨምርበት።»

«ነገ አያ።»

ነገ አልኩ፤ ነገ ደረሰ፣ አላወጣሁትም። ሙሉውን ባወጣው ወኪልነቴ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ ቆራጩ እኔ መሆኔ ይታወቃል። ከሳምንት በኋላ እንደገና ደወሉ፤ እንደገና ነገ አልኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስማቸውን ስልኬ ላይ አየሁት፤ እስኪያቆም ድረስ እያየሁት ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ አልደወሉም።

በነሐሴ ስልኮቹ መመለስ ጀመሩ። ዓይናቸው ጉም የለበሰ፣ ድምፃቸው የታፈነ፣ ጭራሽ የማይበሩ። የሚያመጧቸው ገበሬዎች እግራቸው ጭቃ እንደሆነ በሩ ላይ ይቆማሉ፤ ወለሌን እንዳያቆሽሹ ፈርተው። እኔ ምን እላቸው እንደነበር ልንገራችሁ። መክደኛውን ከፍቼ በመርፌ ጫፍ አፈሯን አወጣና «ይኸው፣ አልጠረጋችሁትም። የአያያዝ ጉድለት ነው፤ ዋስትናው ይኼን አይሸፍንም» እላለሁ። አያ አዛናውና እትዬ አንጓች ደክመው ያገኙትን ነገር ከሕዝብ ደብቄ ሳበቃ መልሼ ሕዝቡኑ ከሰስኩበት። አንዱ ሽማግሌ «አዛናው እንዲህ አላለም» አሉኝ።  ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

በጥር ሲሳይ ዕቃ ሊወስድ መጣና ሌላ ወሬ እያወራልኝ በመሐል ነገረኝ። የድንበር ጠብ ተነሥቶ እንደ ወትሮው አያ አዛናው ተጠሩ። ሊምሉ ሲነሡ ከባለጉዳዮቹ አንዱ፣ ጫኔ የሚባል፣ ስልኩ የተበላሸበት ሰው፣ «የስልኩ ምስክር ነው እንዴ የሚለየን?» አለ። ጥቂት ሰው ሳቀ።

«እሳቸው ምን አሉ?» አልኩት።

«ልክ ነህ አሉት። ሌላ ሰው ፈልጉ ብለው ዱላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።»

«ቃሌ ተቆርጦ ነው አላሉም?»

«ምን ተቆርጦ?» አለኝ ሲሳይ። አያውቅም። ለማንም አልተናገሩም ማለት ነው። ለምን እንዳልተናገሩ ብዙ አስቤያለሁ። ማስረጃው እኔ ዘንድ ነበር፤ ማሳየት የማይችሉትን ነገር ደግሞ እሳቸው አይናገሩም። ወይም እኔው ራሴ እስክመጣ እየጠበቁ ይሆናል። ለሲሳይ ያን ዕለት ልነግረው እችል ነበር። የዕቃውን ካርቶን አሰርኩለት።

ከዚያ ወዲህ ድንበር አልሄዱም። ገበያም በሬ ለማየት የሚወስዳቸው እየቀነሰ፣ ኋላም ቀረ። ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ። እኔ በዚህ መሐል ለሥራ ወደ ደባርቅ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስ ነው የሚያልፈው። በአንዱ ጉዞ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም አያ አዛናው ከመንገዱ ዳር ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው አየኋቸው። ከስተዋል። አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ወደ መኪናው ያያሉ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ማጥበቅ ጀመርኩ። ጫማዬ ማሰሪያ አልነበረውም።

ሞታቸውን ከሰማሁ በኋላ በማግስቱ ተነሣሁ። ሙሉውን ቪዲዮ ስልኬ ውስጥ አድርጌ፣ ትንሽ የድምፅ ማጉያ ይዤ፣ ከጎንደር በመጀመሪያው ሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስለማመድ ነበር፤ «እኔ ነኝ የቆረጥኩት።» ሦስት ቃል ናት። ለአፈኛ ሰው ምን አላት?

ሠልስት ነበር። ዳሱ ውስጥ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። ከእትዬ አንጓች ፊት ተንበረከክሁ። አወቁኝ። «ልጄ፣ መጣህ?» አሉኝ።

«እትዬ፣ አያ ያን ጊዜ የተናገሩት ሙሉው እኔ ዘንድ አለ።»

«የምን ሙሉ?»

መናገር አቃተኝና ከፈትኩት። የአያ አዛናው ድምፅ ዳሱን ሞላው።  በቅሎ ረግጣው አልተሰበረም ሲሉ አንዲት ሴት ሳቀችና መልሳ አለቀሰች። «ለከተማ ሰው እመሰክርለታለሁ» ሲሉ ወንዶቹ ቀና አሉ። ከዚያ አፈሩ፣ መክደኛው፣ መርፌው። «ለኛ ለገበሬዎቹ ክረምት ሳያልፍበት አልመሰክርም። የቸኮለ አይግዛ።» አለቀ።

 ከወንዶቹ መሐል አንድ ጎልማሳ ተነሣና እትዬ አንጓች እግር ላይ ወደቀ። «እኔ ነኝ ያን ቀን ያዋረድኩት። እትዬ፣ ስለ እግዜር» አለ። ጫኔ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው። እሳቸው በእጃቸው አነሡት። «ተነሥ፤ አንተ ምን ታውቃለህ» አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ፤ ዳሱም ሁሉ አብሮ ዞረ።

«ምነው ታዲያ ያኔ ግማሹ ብቻ ወጣ?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረባቸውም። ሊያውቁ ብቻ ነው የጠየቁኝ። ሦስቱ ቃል አፌ ውስጥ ነበር። የሰዎቹን ፊት አየሁ፤ ከመሐላቸው ስልካቸውን በፌስታል ጠቅልዬ የመለስኩላቸውን ሽማግሌ ለየኋቸው። ማጉያውን በእጄ ማገላበጥ ጀመርኩ። እትዬ አንጓች መጨነቄን አዩ፤ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ እሳቸው ራሳቸው አገዙኝ።

«ኔትወርክ ነው የቆረጠው?»

በኛ አገር ያልተላከ መልእክት፣ ያልተመለሰ ጥሪ፣ ያልደረሰ ገንዘብ፣ ሁሉም ጥፋት የሚወድቀው ኔትወርክ ላይ ነው፤ ጠይቆ የሚያጣራም የለም።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ። «ኔትወርክ ነው።»

እትዬ አንጓች በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ሰማችሁ? ልጁ ጥፋት የለበትም። ኔትወርክ ነው። ሌላ ቢሆን አጥፍቶት ነበር፤ እሱ ግን ሁለት ዓመት ጠብቆ ይዞልን መጣ። አዛናው ቢኖር ይመርቀው ነበር።»

«አንቺ ካልሽማ» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተጠጋግተው ከካህናቱ አጠገብ ቦታ ለቀቁልኝና አስቀመጡኝ። እኚያ ስልካቸውን በፌስታል የመለስኩላቸው ሽማግሌ ንፍሮውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ወደ ፊቴ አቀረቡት።

«ብላ ልጄ፤ ከሩቅ ነው የመጣኸው» አሉኝ።

በላሁ።